የጎረቤት ወፍ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ተበልቶ ሳህን ሳይነሳ፣ አባትየው ጉሮሯቸውን ጠርገው ከወንበራቸው ብድግ አሉና ለቤተሰቡ በይፋ አስታወቁ፦ ነገ እሁድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የምግብ ጠረጴዛው ይሳባል።

ጠረጴዛው ከሁለት ወገን ሲጎትቱት መሃሉ ተከፍቶ ተጨማሪ ሳንቃ የሚገባበት ዓይነት ነው። በዚያ ቤት ሳንቃው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የሚወጣው ለትልቅ ጉዳይ ብቻ ነበር። ባለፈው የወጣው ልጃቸው በፋርማሲ የተመረቀች ዕለት ነው።

"ለአንድ እንግዳ ጠረጴዛ እንስባለን እንዴ?" አሉ እናትየው። "የሚመጣው የጥርስ ሐኪም ነው፤ የእግር ኳስ ቡድን አይደለም።"

"ለእንግዳው አይደለም" አሉ አባትየው። "ለልጃችን የወደፊት ሕይወት ነው።"

የአባትየው ታላቅ እህት ከሻያቸው ቀና ሳይሉ፣ "የወደፊት ሕይወቷ ዓሣ ይበላል?" ብለው ጠየቁ።

ፋርማሲስቷ ልጅ አንድ ብርጭቆ ይዛ የደረቀውን መልሳ መላልሳ ታደርቃለች። በዚህ መሃል ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ሥራ ከጀመረች ወዲህ ስልኳ ጮሆ አያውቅም፤ "ፋርማሲ ውስጥ ስልክ አይጮህም" የሚለው የአባቷ ሕግ ነው። የማን እንደሆነ ስላወቀች እጇን ወደ ኪሷ እንዳትሰድ ብርጭቆውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። በዚያው ቅጽበት ከመኝታ ቤት በኩል አንድ ወፍ ክሩ፣ ክሩ፣ ክሩሩሩ ሲል ተሰማ።

"የጎረቤት ወፍ" አሉ አባትየው ቶሎ ብለው።

"የጎረቤት ናት" አሉ እናትየው።

"ምን ያለ ጎረቤት ነው እናንተ" አሉ አክስትየው፤ ሦስቱም ወደየተለያየ ግድግዳ እያዩ።

ታሪኩን ዛሬ የጀመረ አንባቢ እንዳይቸገር፣ ነገሩን ወደ ኋላ መለስ ብለን እናንሳው።

የዛሬ ዓመት ገደማ፣ ከቤታቸው ሥር ያለው ፋርማሲ ሊዘጋ ሲል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማ ያደረገ ሰው ደጃፉ ላይ መጥቶ ቆመ። አልገባም። እዚያው ሆኖ፣ "ወለሉን አበላሻለሁ። ለነፍሳት ንክሻ የሚሆን ቅባት ካለ እስከዚህ ትወረውሪልኛለሽ?" አላት። መድኃኒት ወርውራ ስለማታውቅ ይዛለት ወጣች። እንደ ልማዷም ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥታ ዘርግታ ሰጠችው።

"ሳትቀባው በፊት አንብበው። በተለይ ትንንሾቹን ፊደሎች።"

ይህን ለስንቱ ሰው ብላለች። ሁሉም "እሺ" ብለው ወረቀቱን ደረጃው ሥር ይጥሉታል። ይሄኛው ግን እዚያው ቆሞ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበው። ሲጨርስ ቀና አለ።

"ዓይን እንዳይነካ ይላል" አለ። ዓይኑን ግን ከዓይኗ ላይ አላነሳም።

ሥራው ወፍ መቁጠር ነበር። ከከተማው አራት ሰዓት በአውቶቡስ ተሂዶ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ረግረግ ውስጥ ጎህ ሳይቀድ ይቆማል። ያየውን ወፍ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ስልኩ ላይ ይመዘግባል፤ ኔትዎርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ሲወጣ ደግሞ ማንም በዓለም ላይ ያለ ሰው ከፍቶ ወደሚያየው የጋራ ካርታ ይልከዋል።

"ለምን ለማንም ታሳያለህ? የለፋህበት አይደል?" ብላው ነበር አንድ ቀን።

"ደብቄ ካስቀመጥኩት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወፏን ምን ጠቀማት?" አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ "አንቺም ስናፍቅሽ እዚያ ፈልጊኝ። ነጥቤን ታያለሽ" አላት።

ካርታው ላይ ካለው ከእያንዳንዱ መዝገብ ሥር "አመሰግናለሁ" የሚል አዝራር አለ። ፋርማሲስቷ አንዱንም አላለፈችም። ሌሎች አበባ ይላላካሉ፤ እሷ ጠዋት ጠዋት ድንቢጥ ይላክላትና ታመሰግናለች።

ቤት ይዛው የመጣች ቀን ቦት ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ጨዋነት ነበር፤ ግን የካልሲው ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ አለ። አባትየው የእንግዳውን ስም ከመስማታቸው በፊት አውራ ጣቱን ተዋወቁ። ደሞዙ በኮንትራት እንደሆነ፣ እሱም ሲመጣ እንደሚመጣ ሲሰሙ ነገሩ አበቃ። "ወፍ መቁጠር ሥራ ከሆነ እኔም በረንዳዬ ላይ ደመና ቆጥሬ ደሞዝ ልጠይቃ!" አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ የልጁ ስም በዚያ ቤት እንዳይነሳ ተከለከለ። ክልከላው ከመጥበቁ የተነሳ ክረምት ሲገባ አክስትየው እንኳ "ቦት ጫማዬን አቀብሉኝ" ማለት ትተው "ያንን የዝናቡን" ይሉ ጀመር።

ፍቅራቸው ግን አባትየው ስለከለከሉት አልተሰበረም። የሰበረው አንድ ወፍ ነው።

ወፉ ረጅም እግር ያለው፣ ግራጫ፣ በጣም ብርቅ ነው። እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ይመስል ቀስ ብሎ ስለሚራመድ ቆጣሪዎቹ "ዳኛው" ይሉታል። ዘንድሮ ዳኛውና ሚስቱ ረግረጉ ውስጥ ሁለት እንቁላል ጣሉ። ቆጣሪውም በየጠዋቱ እዚያው ነኝ ይላታል። ካርታው ግን ሌላ ይላል። የዳኛው ነጥብ ደጋግሞ የሚያርፈው ከሐይቁ ማዶ ባለችው ትንሽ ከተማ ላይ ነው። አንድ ቀንማ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ አረፈ። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ አንዲት ነርስ ትኖራለች። ቆጣሪው ከዓመታት በፊት ሊያገባት ትንሽ ነበር የቀረው። ይህን የነገራት ራሱ ነው።

ደወለችለት።

"ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?"

"ዳኛው ጋ።"

"ዳኛው የት ነው?"

"ልነግርሽ አልችልም። ቃል ገብቻለሁ" አላት።

"ለማን?"

ቆጣሪው ውሸት የማይሆንለት ሰው ስለሆነ አሰበና፣ "እንግዲህ... ለዳኛው" አለ።

አንዲት ሴት ከወፍ ጋር በተገባ ቃል ስትመለስ ምን እንደሚሰማት ያልደረሰበት አያውቀውም። ስልኩን ዘጋችው። ማመስገኗንም አቆመች። አባቷ የጥርስ ሐኪሙን ወሬ ሲያነሱ "እንደፈለጋችሁ" አለች፤ በዚያ ቤት "እንደፈለጋችሁ" እንደ እሺታ ይቆጠራል።

ወደ ቅዳሜ እንመለስ። ከሰዓት በኋላ ፋርማሲው ጭር ሲል ካርታውን ከፈተች። ለመጨረሻ ጊዜ ነው፤ ያውም ንዴቷ እንዳይቀዘቅዝባት።

የዚያን ዕለት ጠዋት የተላከው የዳኛው ነጥብ ሐይቁ መሃል ነበር።

አጉልታ አየችው። ዙሪያው ሰማያዊ ነው። ደሴት ፈለገች፤ የለም። ጀልባ ይሆናል አለች፤ ሰውየው ዋና ስለማይችል ጀልባ ሲያይ እንኳ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ዳኛውም እግሩ ቢረዝም እዚያ ድረስ አይረዝምም። ነርሷም ሐይቅ ውስጥ አትኖርም።

ገጹን ወደ ታች ገፋችው። ከካርታው ሥር፣ እስካሁን ዓይኗን ጥላበት የማታውቀው፣ ፈዘዝ ያለ ጽሑፍ ነበር። ፊደሎቹ የመድኃኒት ወረቀት ላይ እንዳሉት ያህላሉ።

"የዚህ ወፍ ጎጆ ለእንቁላልና ለጫጩት ሌቦች የተጋለጠ ስለሆነ ትክክለኛ ቦታው ለሕዝብ አይታይም። ነጥቡ ሆን ተብሎ ከቦታው ርቆ እንዲያርፍ ተደርጓል። እውነተኛውን ቦታ የሚያዩት በጥበቃው ሥራ ላይ ያሉ ብቻ ናቸው።"

ፋርማሲስቷ ከበርጩማው ላይ ቁጭ አለች። የከተማውን ግማሽ "ትንንሾቹን ፊደሎች አንብቡ" እያለች ያስመረረች እሷ ናት። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ ደረሰበት። ነጥቡን ወዲያና ወዲህ የሚወረውረው ኮምፒዩተር ነው፤ እሷ ግን ኮምፒዩተሩ በወረወረበት ሁሉ እየተከተለች ሰውየውን ስትዳኘው ከረመች።

የበሩ ደወል ጮኸ። ቀና ስትል ደጃፉ ላይ ቆሟል። ከስቷል፤ ፀሐይ አፍንጫውን ልጦታል። ቦት ጫማው እንደዚያን ዕለቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

"ወለሉን አበላሻለሁ" አለ።

"አበላሸው" አለች።

ገባ። ባንኮኒው ፊት ቆሞ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይጠመዝዘው ጀመር።

"የምልሽን አውቶቡስ ውስጥ ሳጠናው ነው የመጣሁት። መሃል ላይ ካቋረጥሽኝ ይጠፋብኛል።"

"ተናገር።"

"ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ቦታውን። ከመንደሩ ስትወጪ በስተግራ በኩል፣ ከሸምበቆው..."

ባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ አፉን በእጇ ከደነችው። እጇ አልኮል አልኮል ይሸታል።

"አትንገረኝ።"

"ያን ያህል ጠልተሽኛል?" አለ በጣቶቿ መሃል።

"አንብቤ ነው።"

"ምኑን?"

"ትንንሾቹን ፊደሎች።"

ቆጣሪው ትከሻው ወረደ። ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ተሸክሞ ቆይቶ ማስቀመጫ ያገኘ ሰው ይመስላል። እጇን ከአፉ ላይ አላነሳችም፤ እሱም እንድታነሳው አልፈለገም። ሲቆይ ራሷ አወረደችው።

"ቃልህን ልታፈርስልኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሥራዬን እለቃለሁ። ቃሌን በልቼ እዚያ ረግረግ ውስጥ ምን ፊት ይዤ እቆማለሁ? ወፉ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ።"

"እንኳን ቀድሞ አልነገርከኝ" አለች። "ያን ጊዜ ብትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሲያድር ግን የኔንስ ምስጢር ለማን ይነግር ይሆን እያልኩ እኖር ነበር። ስላልነገርከኝ አመሰግናለሁ። ባለመንገሩ ሰው ይመሰገናል ብዬ አስቤ አላውቅም።"

"እኔም ተመስግኜበት አላውቅም" አለ።

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ ቆጣሪው ስልኩን አወጣ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይሄኛው ምስጢር አይደለም። የሚከተሉኝ ሰዎች አራት ናቸው። አንዷ አንቺ ነሽ። ሦስቱን አላውቃቸውም። ግን ምን ብልክ ያመሰግናሉ። ቁራ ብልክ ያመሰግናሉ። የኮረብታው ብርድ ጣቴን አድርቆት ስልኩን ስከፍት አራት ምስጋና አገኛለሁ። አንድ ቀን ሦስት ሆነ። የቀረው ያንቺ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።"

"እንዴት ገባህ?"

"የሌላ ሰው ቢቀር እንዲህ አያመኝም ነበር። ሦስቱ ግን አልተዉኝም። እነሱ ባይኖሩ ከኮረብታው የምወርድ አይመስለኝም ነበር። ባገኛቸው እግራቸውን እስም ነበር።"

ፋርማሲስቷ ስልኳን አነሳችና ሐይቁ መሃል ባለው ነጥብ ሥር አዝራሩን ተጫነችው። በእጁ ያለው ስልክ ጢን አለ።

"አራት" አለ ቆጣሪው። ከዚያ ወዲያ የሳል መድኃኒቱን መደርደሪያ ሲያይ ቆየ።

ሌላም ወሬ ነበረው። በረግረጉ ላይ ሊያልፍ የነበረው የከፍተኛ ኃይል መስመር ከኮረብታው ጀርባ እንዲዞር ተወስኗል። ዳኛው ጉም ውስጥ ሲበር ሽቦ አይታየውም፤ ተጋጭቶ ይሞታል። መስመሩን የነደፉት ሰዎች ከጥበቃው ሰዎች ጋር ሆነው እውነተኛውን ካርታ ከፍተው ወፎቹ የሚመላለሱበትን አዩ።

"የኔ ነጥብ ብቻ እንዳይመስልሽ። የጭነት መኪና ሹፌር አለ፣ አስተማሪ አለች፣ ሰርግ ሲያነሳ ዳኛው ከሙሽራዋ ጀርባ የገባበት ፎቶ አንሺ አለ። እያንዳንዱ ያየው አንድ ወፍ ነው። ሲሰበሰብ የበረራ መንገድ ሆነ። ማንን እንደማመሰግን እንኳ አላውቅም።"

ፋርማሲስቷ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ የራሷን ወሬ ከዚህ በላይ ማቆየት እንደማትችል አወቀች።

"ነገ ጠረጴዛ ይሳባል" አለች።

"ለማን?"

"ለጥርስ ሐኪም።"

ቆጣሪው ወደ ቦት ጫማው አየ። "ደህና ሰው ነው?"

"በጣም ደህና ሰው ነው። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።"

"ታዲያ ልቅር? አብሬሽ ልቁም?"

"እንቁላሎቹስ?"

"ውስጣቸው ድምፅ ይሰማል። ሳይፈለፈሉ ከነገ አያልፉም።"

"እንግዲያው ሂድ" አለች። "ለቤተሰቤ እኔ እነግራቸዋለሁ። ፍራፍሬ ከመቅረቡ በፊት። አንተ ብቻ ነጥብህን ላክልኝ፤ የትም ይረፍ፣ የት እንዳለህ አውቃለሁ።"

በር ላይ ዞር ብሎ አያት። ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ የሚያውቁት ያ አስተያየት ነበር፤ በመካከላቸው ግን አሁን የበሩ መስታወት እንኳ ያለ አይመስልም።

ከሄደ በኋላ አባትየው ከፎቅ ወረዱ። ከደጃፉ እስከ ባንኮኒው የታተመውን የጭቃ ዱካ አዩ። ልጃቸውን አዩ። ውጭውን አዩ፤ ፀሐይዋ ድንጋይ ትሰነጥቃለች።

"ዘነበ እንዴ?" አሉ።

"ትንሽ" አለች።

"እህ" አሉና ወደ መጋዘኑ ገቡ። ሲሄዱም ሲመለሱም ዱካውን ሳይረግጡ በዳር በዳር ነበር።

እሁድ ጠረጴዛው ተሳበ። ከመርዘሙ የተነሳ ጨው በቅብብሎሽ ነበር የሚደርሰው። የጥርስ ሐኪሙ በወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ፤ የተባለው ልክ ነው፣ ደህና ሰው ነው። ሾርባውን አመሰገነ፣ ዓሣውን አመሰገነ፣ ቀልድም ያውቃል። ችግሩ ቤተሰቡ እንደ ልቡ መሳቅ አልቻለም። አባትየው የተነቀለውን መንጋጋቸውን ለመደበቅ ከንፈራቸውን ገጥመው በአፍንጫቸው ይስቃሉ። አክስትየው በናፕኪን ተከልለዋል። እናትየው ጭራሽ ቀልዱ ሲመጣ ወደ ወጥ ቤት ይነሳሉ።

"ብላ እንጂ ልጄ፣ አልበላህም እኮ" ይላሉ ሲመለሱ።

"እየበላሁ ነው እናቴ፤ ሳህኑ ሩቅ ሆኖ ነው።"

ስልኮቹ ሁሉ እንደ ጨዋ ቤት ልማድ ከጠረጴዛው ርቀው ተቀምጠዋል። የአየር ሁኔታ ከማየት በቀር ስልክ ነክቼ አላውቅም የሚሉት አባት ስልካቸው መስኮቱ ላይ ነው። የምግብ አሠራር ብቻ የሚያዩት እናት ስልካቸው ፍሪጁ ላይ። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ለመዋጥ ብቻ የያዙት አክስት ስልካቸው ቦርሳቸው ውስጥ። የፋርማሲስቷ ኪሷ ውስጥ ነው፤ ጭኗ ላይ እንደ ትኩስ ድንጋይ ይሰማታል።

ሳህኖቹ ተነሱ። እናትየው የፍራፍሬውን ትሪ ይዘው ብቅ አሉ። አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ዶክተር፣ ይህ ቤት የሚናገረውን የሚያውቅ ቤት ነው። ያልሆነውን አንመስልም። የሆነውን አንደብቅም። ስለዚህ ዛሬ..."

ልጃቸው ብድግ አለች። ወንበሯ ወለሉን ፋቀው። ሁሉም ዞረው አዩዋት፤ የጥርስ ሐኪሙም አያት። ከአባቷ ፊት ዓይኗን አላነሳችም።

"አባዬ፣ ዶክተር ባለበት አንድ ነገር ልናገር። እኔ..."

ኪሷ ተንቀጠቀጠ።

በመስኮቱ በኩል ወፍ ጮኸ፤ ክሩ፣ ክሩ፣ ክሩሩሩ። ወዲያው ከፍሪጁ ላይ ሌላ መለሰ። ትንሽ ቆይቶ፣ ስልካቸው አሮጌ ስለሆነ ነው፣ ሦስተኛው ከአክስትየው ቦርሳ ውስጥ ታፍኖ ተነሳ።

ማንም "የጎረቤት ወፍ" አላለም።

"ጎረቤታችሁ ስንት ወፍ ነው ያለው?" አለ የጥርስ ሐኪሙ።

ጎረቤቱ ያለው ድመት ነው።

አባትየው ንግግራቸው ከአፋቸው ላይ ጠፍቶ፣ ሹካቸው አየር ላይ እንደቀረ፣ ከማንም ቀድመው፣ "ሁለቱም ወጡ?" አሉ።

እናትየው የፍራፍሬውን ትሪ ወንበር ላይ አስቀምጠው ፍሪጁ ጋ ደርሰዋል። "አንዱ ብቻ" አሉ። "ሁለተኛው ቅርፊቱን ሰንጥቆታል። እዩት እዩት፣ ምንቃሩ ወጥቷል። ይኸው ጽፎታል፤ 'ደህና ናቸው፤ ለአራታችሁም' ይላል።"

አክስትየው ናፕኪኑን ጥለው ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ሦስቱም አፋቸውን በሰፊው ከፍተዋል፤ የጥርስ ሐኪሙ ያን ሁሉ መንጋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ እያየ ማንኪያውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ፋርማሲስቷ እንደቆመች ነበረች። ልትናገረው የያዘችው ቃል አፏ ውስጥ ነበር፤ የሚናገሩላት ግን ሌሎች ሆኑ። ትናንት በባንኮኒው ማዶ የሰማችው ትዝ አላት፤ ሦስቱን አላውቃቸውም፣ ባገኛቸው እግራቸውን እስም ነበር።

"መነጽሬን የት ጣልኩት?" አሉ አክስትየው ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው። "ኧረ ንገሩኝ፤ ምስጋናው የቱ ጋ ነበር የሚጫነው?"

"ከታች፣ በስተቀኝ" አሉ አባትየው፣ ሳያዩ።